የላይኛው ድምፅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

አራተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ ከተበላሸ ወራት አልፎታል አሉኝ። ሁለት ቦታ ቆሜ ተነፈስኩ። ሦስተኛው ላይ የጥርስ ሐኪም ቤት አለ፤ ወረፋ የያዙት ሰዎች እያዩኝ ስለነበር ስልክ የማወራ መስዬ ቆምኩ። አንዷ ለጎረቤቷ "እሷ ናት እኮ" ስትል ከከንፈሯ አነበብኩ። ከዚያ በኋላማ እያነከሱ መውጣት የለ፣ ቀና ብዬ ወጣሁ።

ስቱዲዮው ጠባብ ነው። ግድግዳው በስፖንጅ ተለብዷል፤ የሲጋራና የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ አለው። አቀናባሪው የድሮው ከበሮ መቺያችን ልጅ ነው። አባቱ ነፍሱን ይማረውና ሲስቅ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ሰው ነበር፤ ልጁ ግን ጢሙ ውስጥ ነው የሚያልጎመጉመው። የድምፅ ባለሙያው ደግሞ ጭራሽ አያወራም፣ ዝምተኛው ብዬዋለሁ። ሁለት ተቀባዮች አምጥተውልኛል። አንዷ ወፈር ያለች፣ በሆነው ባልሆነው የምትስቅ፣ የመካከለኛውን ድምፅ ትይዛለች። ሌላዋ የላይኛውን ትይዛለች፤ እሷ ደግሞ ንፋስ የሚወስዳት ቀጭን ናት። ስማቸውን ነገሩኝ፣ ወዲያው ጠፋኝ። ሳቂታዋና ቀጭኗ ይበቃኛል።

የምንሠራው ዐሥር ዘፈን ነው፤ አንዱም የእኔ አይደለም። ሁሉም የድሮዎቹ የሦስት ሦስት ሴቶች ዘፈኖች ናቸው፤ የስልክ ቤት ልጆች፣ የሹራብ ፋብሪካዎቹ፣ ባለነጠብጣብ ቀሚሶቹ። እነሱ ባይኖሩ እኔ ዘፋኝ አልሆንም ነበር፤ ሳልሞት ውለታቸውን ልመልስ ብዬ ነው። ባለፈው ጋዜጠኛው ከዚህ በኋላስ ሌላ አልበም አለ ወይ ሲለኝ እግዜር ያውቃል አልኩት። እኔም አውቃለሁ። የመጨረሻዬ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምነው፣ ከቅኝት የወጣች አሮጊት ተብዬ እንዳልቀር።

ሄድፎኑ የማይረባ ነው። ቀጭኗ አፏን ትከፍታለች፣ እኔ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ሌላ እናመጣለን አሉ።

እግሬ አብጧል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሌላ ሄድፎን አመጡ። ያው ነው።

ዝምተኛውን ከፍ አድርገው አልኩት፣ ከፍ አደረገው። ደግሞ አልኩት። እጁን ዘረጋ፤ እዚህ ድረስ ነው ያለው ማለቱ ነው። ሳቂታዋ የራሷን አውልቃ ጆሮዋን አሸች። ስስ ናቸው የዘመኑ ልጆች።

ደክሞኛል፣ ይብቃኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ዜና እያየሁ የላይኛው ቤት ሰውዬ መጥቶ በሩን አንኳኳ። አንኳኳ ያለችኝ ልጄ ናት፤ እኔ በዜናው ተመስጬ ነበር። ሕፃን ልጅ አለን፣ ቴሌቪዥኑን ትንሽ ብትቀንሱት ብሎ ነው። ባለፈው ሳምንትም እንደዚሁ መጥቶ ነበር። ሰው ቤቱ ውስጥ ዜና መስማት አይችልም እንግዲህ።

ልጄ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው በሽታ ስትሰማ ውላ ማታ ደግሞ እኔን ማከም ያምራታል። ጆሮሽን ብንታይ ምን አለበት አለችኝ። አንቺን ያሳደገሽ ይሄ ጆሮ ነው አልኳት። ዝም አለች። እሷ ስትጮህ ምንም አይደል፤ ስትዘጋኝ ነው ሆዴ የሚባባው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ሳህን እያጠበች የሆነ ነገር አለች። ጀርባ ሰጥቶ ሰው እንዴት ያወራል? ምን አልሽ ስላት "ምንም" አለች። ምንም ለማለት ነው ያን ያህል ያወራችው?

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለ ስልክ ቤት ልጆች ልጻፍ።

ሦስቱም የስልክ መሥሪያ ቤት ኦፕሬተሮች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ሲያገናኙ ይውሉና ዕረፍት ሲደርስ ጓሮ ወጥተው ይዘፍኑ ነበር። እኔ ደብተሬን ታቅፌ አጥሩ ላይ ተለጥፌ እሰማቸዋለሁ። ኋላ አንድ ማይክ ሰጥቷቸው መድረክ ላይ ያወጣቸው ሰው ተገኘ። የሚገርመው የማናቸውም ድምፅ አይለይም። ሦስቱ ሲዘፍኑ እዚያ የሌለች አራተኛ ሴት የምትዘፍን ነበር የሚመስለው።

አንዷ ባል አግብታ ስትሄድ ውሰዱኝ ብዬ ሄድኩ። ትልቋ፣ እስከ ዛሬ እትዬ ስልኬ የምንላት፣ አዘፈነችኝና "ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ ከሰው ጋር ግን አይቀመጥም" አለችኝ። ስንት ቀን አለቀስኩ። ከዚያ ያ ከሰው ጋር የማይቀመጥ ድምፅ ዕድሜ ልኬን አኖረኝ። ይኸው በስተርጅና ከሰው ጋር ላስቀምጠው እታገላለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የስልክ ቤት ልጆችን ዘፈን ጀመርን፤ ያቺን በማታ ፈረቃ የማታውቀው ሰው ድምፅ ስለያዛት ኦፕሬተር የተዘፈነችውን። እኔ መሪ ነኝ፣ ሳቂታዋ ከሥሬ፣ ቀጭኗ ከላዬ። ሦስት ጊዜ አስቆምኩ።

ፒያኖው ላይኛው በኩል ደንዝዟል። አቀናባሪው ባለፈው ሳምንት ነው የተቃኘው አለ። እንደገና ይቃኝ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ቃኚው ሻንጣውን ይዞ መጣ፤ ሽማግሌ ነው፣ ያውቀኛል፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። አንድ በአንድ እየመታ ወደ ላይ ወጣ። መጨረሻው አካባቢ እንጨቱ ሲያርፍ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ቀ፣ ቀ፣ ቀ። ይኸው፣ አየህ አልኩት። ቃኚው ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ አቀናባሪውን አየ። "ልክ ብለዋል፣ አስተካክለዋለሁ" አለና የሆነ ነገር የነካካ መስሎ ክዳኑን ዘጋው። ምንም አልነካም፤ አይቼዋለሁ። ሥራ ሁሉ ለይስሙላ ሆኖ ቀረ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዛሬ መተላለፊያው ላይ ተቀምጬ እግሬን ሳሳርፍ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የአቀናባሪው ድምፅ መጣ።

"አንተ ንገራት።"

"እኔ? ቤተሰቧ አንተ ነህ" አለ ዝምተኛው። ለካ ይናገራል።

"አባቴን የቀበረች ሴት ናት። ምን ብዬ?"

ስገባ ሁለቱም ወረቀት ማገላበጥ ያዙ። የገባኝ መስሎኛል፤ በሰው ከበሮ ፋንታ የማሽን ከበሮ ሊያስገቡ ነው። ይሞክሯት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ቀጭኗን አሰናበትኳት።

አልቻልኩም። ከጠዋት ጀምሮ አንድ አዝማች ላይ ቆመን ነው የዋልነው። ትዘፍናለች፣ ይሄው አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ሳቂታዋን እሰማለሁ፣ እሷን አልሰማም። ጠጋ በይ አልኳት፣ ተጠጋች። ጨምሪ አልኳት፣ ፊቷ ቀላ። አቀናባሪው ከመስታወቱ ወዲያ እጁን እያወዛወዘ ነበር፣ በቃ ለማለት ይሁን ቀጥሉ ለማለት እንጃ። በመጨረሻ ሄድፎኔን አወለቅኩ።

"ልጄ፣ ድምፅሽ የለም" አልኳት።

"ምን አጠፋሁ እትዬ?"

"አላጠፋሽም። የለም ነው የምልሽ። የሌለውን ምን ላድርገው?"

አላለቀሰችም። ሹራቧን ለበሰች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ጎንበስ ብላ ሰላም ብላኝ ወጣች። ሻይ አምጡልኝ አልኩ። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ልክ ነኝ። አርባ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ ድምፅ ያለውን ከሌለው ካለየሁ ምኑን ዘፋኝ ሆንኩ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሳቂታዋ መሳቅ ትታለች።

ቀጭኗ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው አሉ። ወደዚህ ስትመጣ ፈቃድ እየለመነች ነበር። ቀድመው ቢነግሩኝስ? ምንም አይለውጥም። ግን "የለም" ከማለት "አልደረሰም" ማለት ይቻል ነበር። "ገና ነሽ" ማለት ይቻል ነበር። ይሄን ክፉ ቃል ከየት አመጣሁት?

የላይኛውን ድምፅ እኛ እንሞላዋለን፣ አያስቡ አለኝ አቀናባሪው። በምን? "አንድ መላ አናጣም።" አላመንኩትም፣ ግን ደክሞኝ ስለነበር አልጠየቅኩም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

እስከ ዛሬ የተቀዳውን አሰሙኝ። ድምፄ የእኔ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ሆኗል። የተተኮሰ ሸሚዝ መሰለ። አንድም መጨማደድ የለው። ምን አደረግከው ስለው ዝምተኛው "ትንሽ አጸዳሁት" አለ። ቆሽሾ ነበር ወይ? መሬት መሬት አየ።

ሻይ ማፍያው ዛሬ ተቃጠለ። ሲፈላ የሚያፏጨውን ነው። ውኃው አልቆ ቂጡ ጠቁሮ አገኘሁት። ዕቃ ሲያረጅ ማፏጨቱንም ይተዋል። ልጄ ሳታየው ጣልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

እትዬ ስልኬ ጋ ሄድኩ። የዘፈኑን ግጥም አንድ ቦታ አላስታውሰውም፣ ሰበብ እሱ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደህና ነሽ የሚለኝ ሰው አምሮኝ ነው።

ምድር ቤት ነው የምትኖረው፤ ተመስገን፣ ደረጃ የለም። አርጅታለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው። በሁለቱም ጆሮዋ ባቄላ የሚያክል ነገር ሰክታለች። ሳየው አይታኝ "ያን ሁሉ ዓመት የሰው ወሬ ስሰማበት ሞልቶብኝ ነው" አለች። ግጥሙን ነገረችኝ። ቀጭኗን ማሰናበቴን ነገርኳት። ከዚያ ስለ ሟቾቹ ጓደኞቿ እያወራችልኝ ድንገት አቋረጠች።

"ለምንድነው ከንፈሬን የምታይው?"

"የት ልይልዎት?"

"ዓይኔን። ሰው የሚጫወተውን ሰው ዓይን ዓይኑን ነው የሚያየው። እኔም የሰው ከንፈር መከተል የጀመርኩ ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።"

ጆሮዬ ደህና ነው አልኳት። እሺ አለች። ብርድ ገባ ብላ መስኮቱን ልትዘጋ ተነሳች፣ እዚያው ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆየች። ከዚያ ዞር ብላ "መልሽልኛ" አለችኝ።

"ምኑን?"

ዝም ብላ አየችኝ። እንዴት ያለ አስተያየት ነው! ቀጠሮ አለኝ ብዬ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። አሮጊት ብቻዋን ስትውል የማትፈጥረው ነገር የለም። መንገዱን ሁሉ እንደተናደድኩ ገባሁ።

ምን ብላኝ ይሆን?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ቀጠሮዬ ከሰዓት ነበር፣ በጠዋት ሄድኩ። ያን የተተኮሰ ድምፄን ሰው በሌለበት ደግሜ ልሰማው ፈልጌ።

በሩ ክፍት ነው። ዝምተኛው ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ድምፅ ማጉያዎቹ ክፍት ናቸው፤ ቤዙ ይሰማል፣ ከበሮው ይሰማል፣ የእኔም ድምፅ ከሩቅ አለ። ከመስታወቱ ወዲያ ቀጭኗ ቆማለች።

ዓይኗን ጨፍናለች። አንገቷ ላይ ሥሯ ተገትሯል። ማይኩ ተዘግቶ እየተለማመደች ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ መሣሪያው ላይ ያሉትን መብራቶች አየሁ። አፏን ስትከፍት አረንጓዴው ቢጫው ተከታትሎ ይወጣል፣ ቀዩ ጫፍ ላይ ይነካል፤ ስትዘጋ ይወርዳል። ደግማ ትከፍታለች፣ ይወጣል። ዝምተኛው ጭንቅላቱን ይዞ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተንጋለለ፣ ሰው የሚወደውን ሲሰማ እንደሚሆነው። እኔ ቤዝና ከበሮ ነው የምሰማው።

በእግር ጣቴ ወደ ማጉያው ተጠጋሁ። ቤዝና ከበሮ።

አላዩኝም። ወረድኩ። የትም ሳልቆም እስከ ምድር ወረድኩ።

ለካ ማሰናበቴን ማንም ከቁጥር አላስገባውም። በጠዋት በጠዋት እያስመጡ ይቀዷታል። የፒያኖው ሰውዬ። ሻይ ማፍያው። የላይኛው ቤት ሰውዬ። ሁሉም ያውቃል። ጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ የያዙት ሳይቀሩ የሚያውቁ መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ደወልኩ።

ተኛሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ልጄን ውሰጂኝ አልኳት። የት አላለችም። ተነስታ ቀጠሮ ልታስይዝ ደወለች፤ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነው የደወለችው፣ እንድሰማ። ይቺ ልጅ ፊቷን አዙራ ስታወራኝ ስንት ጊዜዋ ይሆን? ልብ ብዬ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ጠባብ ክፍል አስገቡኝ። ስፖንጅ የለበሰ ግድግዳ፣ መስታወት፣ ሄድፎን። ዕድሜዬን የኖርኩበት ክፍል ነው፣ ማይኩ ብቻ ነው የሌለው። ቁልፍ አስያዙኝ፤ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይጫኑ አለችኝ ሐኪሟ። ወፍራም ወፍራሞቹን ተጫንኩ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥ ሲል ቆየ። አመለጠኝ ብዬ እንዲሁ አንድ ሁለቴ ተጫንኩ። ሐኪሟ ከመስታወቱ ወዲያ ፈገግ አለች። ለካ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ወፍራሙን ድምፅ ደህና ነው የሚሰሙት፣ ቀጭኑ ሄዷል አለች። ሄዷል ነው ያለችው። ተመልሶ አይመጣም። የመስሚያ መሣሪያ ታዘዘልኝ፤ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈጃል፣ ለጨዋታ ይረዳዎታል፣ ለሙዚቃ ግን ቃል አልገባም አለች። ቅን ሴት ናት፣ ጠላኋት።

ልጄ በታክሲው ውስጥ እጄን ይዛ ነበር። አልቅሼያለሁ። ሾፌሩ ራዲዮኑን ቀነሰው፤ እሱን እንኳ ያወቅኩት እጁ ሲሄድ አይቼ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዝምተኛውን ብቻውን አገኘሁት። በሩን ዘጋሁና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

"ሳትተኩሰው በፊት ድምፄ እንዴት ነበር? እውነቱን።"

እንዲህ ቀስ አድርጎ፣ ከንፈሩን እንዳነበው አድርጎ ነገረኝ።

"ወደ ላይ ሲወጡ ከቅኝት ይወጣሉ። ሁልጊዜ አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን አዎ።"

"ወደ ታችስ?"

"ከታች ሲዘፍኑ አንድም ቀን አልነካሁትም። ከታችማ እንደ ድሮው ነዎት።"

አመሰገንኩት። ሌላ ማን ያን ያህል አከበረኝ? ጆሮዬን ነገርኩት፤ እንደሚያውቅ ፊቱ ላይ ነበር። ለማንም እንዳትናገር አልኩት። ለማን ይናገራል፣ ዝምተኛ።

ከዚያ ሐሳቤን ነገርኩት። የስልክ ቤቷን ዘፈን እንደገና እንቅዳት። መሪውን ቀጭኗ ትዝፈን፣ እኔ የታችኛውን እይዛለሁ። በዕድሜዬ ተቀባይ ሆኜ አላውቅም። የቀሩት ዘፈኖች ላይ የተኮስኩትን ምን እናድርገው አለኝ። ይቆይ አልኩት። ክብር ነው እሱ፣ ባዶ ክብር፣ ግን ገና አልለቀቀኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ፎቶ ኮፒ ቤቱን ሳቂታዋ አሳየችኝ። መንገድ ላይ ነገረችኝ፤ ቀጭኗ መዝፈን ልትተው ነው። ዝምተኛው በጠዋት የሚያስመጣት ለሙከራ፣ እስከዚያ ቦታ እንድትይዝ ብቻ ነው ብሏት ነበር፤ እሷም ሌላ ሰው እስኪገኝ ነው ብላ ነው የምትሄደው።

ማሽኑ እየሞቀ፣ ተማሪዎች ደብተር ይዘው እየተጋፉ፣ እሷ ወረቀት እየደረደረች አገኘኋት። ተሳስቻለሁ አልኳት። መሪውን አንቺ እንድትዘፍኚ እፈልጋለሁ አልኳት። ወረቀቱን እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል ተናገረች፤ ምን እንዳለች አልያዝኩትም። ቀና በይና ንገሪኝ አልኳት። ቁጣ መስሏት ደነገጠች።

"እሺ፣ ለእርስዎ ስል ይሄን አንድ እዘፍናለሁ አልኩ። ከዚያ በቃኝ። እርስዎ የማያውቁት ድምፅ የለም። የለም ካሉ የለም ነው።"

ለምን እንደተሳሳትኩ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር። ተማሪዎቹ ያውቁኛል፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳኝ ነው። ፈገግ አልኩለት። ፎቶውን ተነስቼ ወጣሁ።

ደካማ ነኝ። ሌላ ቃል የለውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ቀዳን። ሦስታችን በአንድ ማይክ፣ እንደ ስልክ ቤት ልጆች፣ አቀናባሪው ነው እንዲህ ይሁን ያለው። ቀጭኗ መካከል፣ እኔና ሳቂታዋ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ። ትከሻዬ የቀጭኗን ጀርባ ይነካል። ትንፋሽ ስትወስድ ጀርባዋ ይነፋል፣ ያን ጊዜ እገባለሁ። ስትጨርስ ይወርዳል፣ ያን ጊዜ አቆማለሁ። እንዲህ አድርጌ ነው ከእሷ ጋር የዘፈንኩት። ሳትሰማ የምትዘፍን ሴት ብለው ቢስቁብኝ አይፈረድባቸውም።

ስንጨርስ ዝምተኛው አውራ ጣቱን አነሳ። ቀጭኗ ግን ሹራቧን እየለበሰች ነበር፣ ሥራዋን ጨርሳ እንደምትሄድ ሰው። ማክሰኞ ሁላችንም ተሰብስበን እንሰማለን ተባለ። ከዚያ ወዲያ አታዩኝም ስትል ከከንፈሯ አነበብኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ልጄ ከሥራ ቀርታ መጣች። እትዬ ስልኬን አቀናባሪውና ዝምተኛው ወንበር ላይ አስቀምጠው አራት ፎቅ ተሸክመው አወጧት፤ ሠርጌ ዕለትም እንዲህ አልተደረገልኝም እያለች ስታስቃቸው ነበር አሉ። ቀጭኗ በሩ አጠገብ ቆማለች፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው።

ዘፈኑ ጀመረ። ቤዙን ሰማሁ። የታችኛውን ድምፅ ሰማሁ፣ የእኔ ነው፣ ደህና ነው። ሳቂታዋን ትንሽ ትንሽ። የቀረውን ከፊታቸው ነው ያወቅኩት። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ስልኬ ዓይኗን ጨፈነች። አቀናባሪው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቀጭኗ ብቻ ናት ማንንም ሳታይ እኔን የምታየው። ልጅቷ ድምፅ ይኑራት አይኑራት ከእኔ ልትሰማ ነው የቆመችው።

አለቀ። አቀናባሪው ዓይኔን ሳያይ "እንግዲህ፣ እትዬ?" አለ።

ቆንጆ ነው ብል ማንም አያውቅብኝም። እሷ ግን አዝናልኝ ነው ብላ ያን ቦርሳ ይዛ ትወርዳለች፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቷን እየደረደረች ትኖራለች። ቆንጆ ነው የሚለውን ቃል ያበላሸሁት እኔው ነኝ።

"የላይኛውን ድምፅ አልሰማሁትም" አልኩ።

ሳቂታዋ ከፍ እናድርገው ወይ አለች።

"ማሽኑ አይደለም፣ ጆሮዬ ነው። ቀጭን ድምፅ አይሰማም፣ ሐኪም ቤት ነግረውኛል።" ከዚያ ወደ ቀጭኗ ዞርኩ። "እዚህ ከመጣን ጀምሮ አንድም ቀን ሰምቼሽ አላውቅም።"

ለእኔ እንኳ የተሰማኝ ጸጥታ ነበር። ልጄ ልትነሳ ስትል እትዬ ስልኬ በእጇ ያዘቻት። ቀጭኗ ቀስ ብላ መጣች፤ ፊቴ ድረስ መጥታ ቆመች።

"ታዲያ ድምፅሽ የለም ለምን አሉኝ?"

"አልሰማም ከማለት ያኛው ቀለለኝ።"

ፊቷ ላይ የመጣው ንዴት ነው። ይገባታል፤ ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ። ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ። ቦርሳዋን አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ወንበር ጎትታ ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ ወደ ዝምተኛው ዞራ ከአዝማቹ ድገምልኝ አለችው።

ቤዙ ጀመረ። እጇን ከፍ አደረገች። እዚህ ነኝ ማለቷ ነው። እጇ ወጣ፣ ራሷን አለፈ፣ ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ እዚያው ቆየች፣ ከዚያ ቀስ እያለች፣ በጣም ቀስ እያለች ወረደች። ትንፋሽ የምትወስድበትን አሳየችኝ። ሳቂታዋ የምትገባበትን አሳየችኝ። እኔ ከታች የያዝኩበት ላይ ስትደርስ በሌላ እጇ ጉልበቴን መታ መታ አደረገች። ዓይኔን ከእጇ ላይ አልነቀልኩም። እንባዬ ግን አላሳየኝ ብሎ ነበር።

"ቆንጆ ነው" አልኳት።

ያመነችኝ አልመሰለኝም። ደግማ አሳየችኝ።